ወፎቹ ይቆዩ፣ ቢምቢው ይሂድ፦ የጓሮ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጓሮው ውስጥ ወፍ ማየት የሚወድ ሰው ጥላና ውሃ ያበዛል። ቢምቢም የሚወደው ይህንኑ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ቢምቢው ሲበዛብን ፍሊት አንስተን ዛፍ ቅጠሉን ስንነፋ ነው። በኔ እምነት ቢምቢ መጥፋት ያለበት ክንፍ ሳያወጣ፣ ገና ውሃ ውስጥ እያለ ነው። ያኔ ወፉም ንቡም ምንም አይሆንም። እንደ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ባሉ ሞቃት ከተሞች በየግቢው የሚያጋጥሙትን ችግሮች አንድ በአንድ እንያቸው።

ለወፎቹ ያስቀመጥነው ውሃ ውስጥ ትንንሽ ትሎች ይርመሰመሳሉ

የቢምቢ እጭ ናቸው። በሞቃት ቦታ ከእንቁላል ተነስቶ በራሪ ቢምቢ እስኪሆን ሳምንት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ የወፍ ውሃ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ መቆየት የለበትም። ድፉት፣ በአዲስ ቀይሩት። የምትደፉት ደረቅ አፈር ላይ ይሁን። ቦይ ውስጥ ከደፋችሁት እጮቹ እዚያው ያድጋሉ።

መድፋት ብቻውን ግን አይበቃም። ቀን ቀን የምትነክሰው፣ እግሯ ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነው ኤደስ የምትባለዋ ቢምቢ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ትንሽ ከፍ ብሎ የዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ጣባውን ወይም ሳፋውን ጎኑን በብሩሽ ፈትጉት። ሳሙናና በረኪና አያስፈልግም፣ ጉልበት ይበቃል። የዕቃው ጥልቀት ከሦስት አራት ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ለወፎቹ መታጠቢያ ይመቻል፣ ለመድፋትም ቀላል ነው። ድመት አድፍጦ ከሚጠብቅበት ቁጥቋጦ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ውሃውን በሰዓቱ እንቀይራለን፣ ቢምቢው ግን አልቀነሰም

የወፎቹ ጣባ ብዙ ጊዜ ያለጥፋቱ ይወቀሳል። ዋናው ምንጭ ሌላ ቦታ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሁሉም ቤት በርሜል፣ ጀሪካንና ሮቶ አለው። ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ሮቶ ውስጡን ከፍታችሁ ብታዩት ትደነግጣላችሁ።

ይህን አቅልሎ ማየት አይገባም። ድሮ የወባ ትንኝ ሲባል ረግረግና የዝናብ ኩሬ ነበር የምናስበው። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ከእስያ የመጣች ዝርያ ግን ከተማ ውስጥ፣ በበርሜልና በውሃ ታንከር ትራባለች። በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ነው። በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆና ተገኝታለች። ድሬዳዋ ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ ትኩሳትን፣ በ2019 ደግሞ የቺኩንጉንያ ትኩሳትን አይታለች። እነዚህን ሁለቱን የምታስተላልፈው ቀደም ብዬ ያነሳኋት ኤደስ ናት።

መፍትሄው፦ ሮቶውና በርሜሉ ክዳኑ ይግጠም፤ ካልገጠመ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ወይም ጨርቅ አፉ ላይ ዘርግታችሁ በላስቲክ ጠብቃችሁ እሰሩ። የትርፍ ውሃ መውጫ ቱቦውንም አትርሱ፣ እሱም በወንፊት ይዘጋ። በርሜሉ ባዶ በሆነ ቁጥር ጎኑን ፈትጉ። አሸንዳው ላይ ቅጠል ተከማችቶ ውሃ ካቆረ ጥረጉት። አሮጌ ጎማ፣ የአበባ ማሰሮ ስር ያለ ሳህን፣ ግንብ ላይ የተሰካ ጠርሙስ ስባሪ፣ የተጣለ የፕላስቲክ ክዳን፣ ሁሉም ይታዩ።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ቦታ አለ። ለጌጥ የምንተክላቸው ኮባና እንሰት ቅጠላቸው ከግንዱ በሚጣበቅበት ቦታ ውሃ ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ብዙ ሺህ ሰው የጨረሰውን ቢጫ ወባ ያዛመተችው ቢምቢ የምትራባው በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ ነበር። ተክሉን መቁረጥ የለባችሁም፤ ወፎችም ይወዱታል። በሳምንት አንዴ በላስቲክ ቱቦ በኃይል ውሃ ለቃችሁበት ብብቱን እጠቡት።

ሊደፋ የማይችል ውሃ ካላችሁ፣ ለምሳሌ የጓሮ ኩሬ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሳ ጫጩት እጩን ይለቅምላችኋል። ቢቲአይ የሚባል ባክቴሪያም አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 እስራኤል ውስጥ ኔጌቭ በረሃ ላይ ከአንድ ኩሬ የተገኘ ነው። የቢምቢን እጭና ጥቂት የቅርብ ዘመዶቹን ይገድላል እንጂ ወፍን፣ ዓሳንና ንብን አይነካም። አሜሪካ ያላችሁ ከአትክልት መሸጫ ሱቆች በቀላሉ ታገኙታላችሁ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ውሃ ላይ ማፍሰስ ግን በፍጹም! የወፍ ላባ ላይ ተጣብቆ ይገድላል፣ አፈሩንም ይበክላል።

ፍሊት ከተነፋ በኋላ ወፎቹ ጠፉ

ፍሊት ውስጥ ያለው ፓይሬትሮይድ የተባለው መድኃኒት ወፍን በቀጥታ የመግደል አቅሙ አነስተኛ ነው። ንብንና ዓሳን ግን ክፉኛ ይፈጃል። ወፎቹ የሚሄዱት ምግባቸው ስላለቀ ነው። ፍሬ የሚበሉና የአበባ ማር የሚቀስሙ ወፎች እንኳ ጫጩታቸውን የሚያሳድጉት በአብዛኛው በአባጨጓሬ፣ በሸረሪትና በትንንሽ ነፍሳት ነው። ለሰብል የሚሸጡ እንደ ዲያዚኖን ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ ወፉንም ራሱን ይገድላሉ፤ ለጓሮ ቢምቢ ብላችሁ አታምጧቸው።

መርጨቱን አቁሙ። ከዚያ እሬት ትከሉ፤ ደጋ ላይ ከሆናችሁ ኮርች። አበባቸው ሲፈካ እነዚያ መንቁራቸው ቀጭንና ቆልማማ የሆነ፣ የሚያብለጨልጩ ትንንሽ ወፎች ራሳቸው ፈልገው ይመጣሉ። የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ ግን ስሙ አያታላችሁ። ወፎቹ ፍሬውን በልተው ዘሩን በየሜዳው ይበትኑታል፣ ግጦሹንም ይወርሰዋል።

በሰማያዊ መብራት ነፍሳትን ስቦ የሚያቃጥለውን ማሽንም አልመክርም። የሚያጠምደው በብዛት የእሳት እራትና ጥንዚዛ ነው፣ ቢምቢ እዚያ ውስጥ ጥቂት ነው።

ወፉ ሞልቷል፣ ታዲያ ለምን ቢምቢውን አይጨርስልንም?

ከወፎቹ ይህን መጠበቅ የለብንም። ብዙው ቢምቢ የሚንቀሳቀሰው ሲመሽ ነው፤ ያኔ አብዛኞቹ ወፎች ተኝተዋል። ጣሪያ ስር በጭቃ ጎጆ የሚሠሩት በራሪዎች ቢምቢ ሲያገኙ ይበላሉ፣ ግን ጠቀም ያለ ሲሳይ ያለው ትልልቁ ነፍሳት ላይ ነው። ወፎችን የምናቆያቸው ስለሚያገለግሉን ሳይሆን ስለምንወዳቸው ይሁን። ቢምቢ ለነሱም ጠላት ነው፦ ሃዋይ ውስጥ በመርከብ የገባ ቢምቢ የወፍ ወባ አሰራጭቶ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሌሉ ወፎችን አጥፍቷል።

አሮጌ አጎበር ላይ ወፍ ተጠልፎ ተገኘ

ያረጀ አጎበር ለችግኝና ለፓፓያ መሸፈኛ ሲውል ይህ ይደርሳል። ልል ብሎ የሚወዛወዝ መረብ እግርና ክንፍ ይይዛል። ወይ ወጥራችሁ እሰሩት፣ ወይ አንሱት። የተያዘውን ወፍ ጭንቅላቱን በጨርቅ ሸፍናችሁ ክሩን በመቀስ ቁረጡ፤ አትጎትቱት። ደህናው አጎበር ደግሞ ቦታው አልጋ ላይ ነው።

ሲመሽ በረንዳ ላይ መቀመጥ አልተቻለም

ቢምቢ ደካማ በራሪ ናት። ቬንትሌተር ወደ እግራችሁ አዙሩት፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ጥንጁትና ወገርት ማጨስም ይረዳል፤ የወፍ ጎጆ ካለበት ዛፍ ስር ግን አታጭሱ፣ ቤት ዘግታችሁም አይሁን።

ማታ ማታ ብቻ ከበዛ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ጠርጥሩ። ኩሌክስ የምትባለው ዝርያ ቆሻሻ ውሃ ትመርጣለች። የጉድጓዱን ስንጥቅ በሲሚንቶ ድፈኑ፣ የማስተንፈሻ ቱቦውን አፍ በወንፊት እሰሩ። ያም ሆኖ ካልቀነሰ ጎረቤት ጋ ክፍት በርሜል አለ ማለት ነው። በእድር ስብሰባ ላይ አንሱት፤ ወንፊቱንም አንድ ላይ ብትገዙት ይረክሳል።