ቅማል ሽፋሽፍት ላይ ሲወጣ

ልጁ ዓይኑን ያሻል፤ የዓይኑ ቆብ ጠርዝ ቀልቷል፤ ሽፋሽፍቱ ሥር ፎረፎር የመሰለ ነገር ይታያል። በደማቅ ብርሃን በማጉያ መነጽር እዩት። ፎረፎር ሲነካ ይረግፋል፣ ቅጫም ግን ጸጉሩን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ቅማሉ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሰውነቱ ብርሃን ስለሚያሳልፍ የቁስል ቅርፊት መስሎ ያሳስታል። ቆቡ ላይ የተነሰነሰው ቡናማ ትቢያ ኩሱ ነው።

የራስ ቅማል መድኃኒት ዓይን አጠገብ አይደርስም፤ ያቃጥላል፣ ዓይኑንም ይጎዳል። ተራ ቫዝሊንም ዓይን ይቆጠቁጣል። ሐኪም ካረጋገጠ በኋላ የሚያስፈልገው ለዓይን ተብሎ የተዘጋጀ የፔትሮላተም (የቫዝሊን ዓይነት) ቅባት ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ልጁን ዓይኑን አስጨፍናችሁ፣ ከላይም ከታችም የሽፋሽፍቱን ሥር ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ። በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ፣ ለ10 ቀን። ለጥቂት ደቂቃ ብዥ ይልበታልና አንዱን ቅብ ለመኝታ ሰዓት አድርጉት።

ቅባቱ ቅማሉን አፍኖ ይገድላል እንጂ ቅጫሙን አይነካም። ቅጫም ደግሞ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በአራተኛው ቀን ማሳከኩ ሲተው ቅባቱም ይተዋል፣ በሳምንቱ አዲሶቹ ይወጣሉ።

በወረንጦ መልቀም ይቻላል፣ ግን ለማይረጋጋ ልጅ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ቅማሉ ጸጉሩን በጥፍሩ ጨምድዶ ስለሚይዝ ሽፋሽፍቱ አብሮ ይነቀላል፤ ወረንጦውም ዓይን ሊወጋ ይችላል። ለዓይን ሐኪም ተዉት።

አንሶላ፣ ፎጣና የትራስ ልብስ ቢያንስ በ54 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ይታጠቡ። የማይታጠበውን በላስቲክ አሽጋችሁ ለ2 ሳምንት አስቀምጡ። አብሮት የሚተኛ ሁሉ ይታይ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ሽፋሽፍት ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የብልት ጸጉር ቅማል ነው፤ የራስ ቅማል እዚያ እምብዛም አይወጣም። በጋራ አልጋና ፎጣ ሊተላለፍ ይችላል፤ ሆኖም የወሲብ ጥቃት ምልክትም ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ስለዚህ ሲጠይቃችሁ አትቆጡ። ልጁን ራሳችሁ አታፋጥጡት፣ አታስፈራሩትም። ዓይኑ ካመመው፣ ብርሃን ካስጠላው ወይም እይታው ከደከመ ቅባቱ እስኪሠራ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን ውሰዱት።