ሕንድ አስታማሚ ሆናችሁ ከሄዳችሁ ካፒላ ቲርታምን ሳታዩ አትመለሱ

ከደሴም ከኮምቦልቻም ለሕክምና ቼናይ የሚሄድ ሰው አለ። አስታማሚው ታዲያ ውጤት እስኪደርስ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። እኔም እንደዛው ነበርኩ፤ ሐኪሙ "ውጤቱ ከነገ ወዲያ ነው" ሲለኝ በሽተኛዬ ራሱ "ሂድና ተናፈስ" ብሎ አባረረኝ።

ካፒላ ቲርታም ያለው ቲሩፓቲ የምትባል ከተማ ነው፤ ቼናይ ሴንትራል ከሚባለው ጣቢያ በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ከቲሩፓቲ ጣቢያ ባጃጅ ያዙ፤ እነሱ "አውቶ" ይሉታል፣ ያው የኛው ባጃጅ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ዋጋ ሳትቆርጡ እንዳትገቡ።

ቦታው የቲሩማላ ተራራ ግርጌ ያለ፣ ሺቫ የሚባለው የሂንዱዎች አምላክ ቤተ መቅደስ ነው። በሩ ላይ ትልቅ የድንጋይ በሬ ተኝቶ ይቀበላችኋል፤ ናንዲ ይባላል፣ የሺቫ መጓጓዣ ነው። ፏፏቴው ከተራራው ገደል ወርዶ ቀጥታ የቤተ መቅደሱ ኩሬ ውስጥ ይገባል። ካፒላ የሚባል መናኝ እዚህ ሺቫን እየለመነ እንደኖረ ያምናሉ፣ ስሙም የመጣው ከዛ ነው። ቲርታም ማለት በኛ አፍ ጠበል በሉት።

ጊዜውን ግን አስተውሉ። እንደኛ የደሴው ጦሳ ተራራ ላይ ጉም እያየ ያደገ ሰው ፏፏቴ ሁሉ ሐምሌ ላይ የሚያገሳ ይመስለዋል። እዛ ዋናው ዝናብ የሚመጣው የኛ ክረምት ከወጣ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ግንቦት ላይ ከሄዳችሁ ሙቀቱ ያነዳችኋል፣ ውሃውም ቀጭን ክር ይሆንባችኋል። ካርቲካ በሚሉት፣ ጥቅምትና ኅዳር ገደማ በሚውለው ወራቸው ደግሞ፣ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን፣ ሰዉ ሊጠመቅ ይጎርፋል፤ ግፊያ የማትችሉ ያን ቀን ዝለሉት።

ጠበል የሄደ ሰው ሥርዓቱ አይጠፋውም። ጫማ በር ላይ ይቀራል። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ነጠላ ያላችሁ ተገላገላችሁ። ሳሙና ነውር ነው። የሚሰጧችሁን በቀኝ እጅ ተቀበሉ፣ ስትዞሩም ቤተ መቅደሱ በቀኛችሁ ይሁን። ውስጥ ፎቶ አታንሱ። የሌላ እምነት ሰው ነኝ ብላችሁ የምትሰጉ አብሽሩ፣ ኩሬው ዳር ቁጭ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ደረጃው ግን አደራ! ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፣ በባዶ እግር ሙልጭ ያደርጋል። እኔ ሁለተኛው ደረጃ ላይ በቂጤ ወረድኩ፤ አንዲት አሮጊት እየሳቁ እጄን ይዘው አነሱኝና በመዳፋቸው ውሃ ጨልፈው አናቴ ላይ ጠብ አደረጉልኝ። ሙዝ በእጃችሁ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ጦጣዎቹ አይለምኑም፣ ይነጥቃሉ።

የመመለሻ ትኬት ጠዋት ስትደርሱ ቁረጡ። ማታ ሰልፉ ከደሴ ፒያሳ ሸዋበር ይደርሳል።