ዲስክወርልድን ከየትኛው መጽሐፍ መጀመር እንደሚሻል እንዴት እንደፈታሁት

የእንግሊዛዊው ደራሲ የቴሪ ፕራቸት ተከታታይ የምናብ ሥራ «ዲስክወርልድ» ከ1983 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የታተሙ 41 ልቦለዶች ያሉት ሲሆን፣ እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜም አቋርጬዋለሁ።

በመጀመሪያ የኅትመት ቅደም ተከተሉን ተከተልሁ። የመጀመሪያው መጽሐፍ «ዘ ከለር ኦፍ ማጂክ» በቀደሙት የምናብ ልቦለዶች ላይ የሚያሾፍ በመሆኑ፣ እነዚያን ላላነበበ ሰው ከቀልዱ ብዙው ያመልጠዋል፤ ከዚያ በኋላም ታሪኩ ከአንዱ የገጸ ባሕርያት ቡድን ወደ ሌላው ስለሚዘል ማን ምን እንደሆነ ይጠፋኝ ነበር። ቀጥሎ እጅግ የሚወደሰውን «ናይት ዎች» ከመሃል አንሥቼ ሞከርሁ። ይህ የባሰ ነበር፤ የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የከተማ ጠባቂዎቹን አዛዥ የሳም ቫይምስን ያለፈ ሕይወት ለማያውቅ አንባቢ የመጽሐፉ ክብደት አይሰማውም።

የሠራው መፍትሔ ቀላል ነው። በጉግል ሺትስ ላይ የርእስ፣ የዓመትና የዋና ገጸ ባሕርይ ዓምዶችን አዘጋጅቼ በገጸ ባሕርይ አጣራሁ፤ ከዚያም አንዱን ቡድን ብቻ መርጬ በዓመት ደረደርሁት። የመረጥሁት የከተማ ጠባቂዎቹን ነው፦ «ጋርድስ! ጋርድስ!» (1989)፣ «ሜን አት አርምስ» (1993)፣ «ፊት ኦፍ ክሌይ» (1996)፣ «ጂንጎ» (1997)፣ «ዘ ፊፍዝ ኤለፋንት» (1999)፣ «ናይት ዎች» (2002)፣ «ተድ!» (2005) እና «ስነፍ» (2011)። «ናይት ዎች» በስድስተኛ ተራው ሲመጣ ያለ አንዳች ችግር ተነበበልኝ። ለእረፍት ራሱን የቻለውን «ስሞል ጎድስ» (1992) በመካከል አስገባሁ፤ ከደራሲው ሞት በኋላ የታተመውን «ዘ ሼፐርድስ ክራውን» ግን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።