የላብራቶሪ ሰው ጥናቱ እንዲጠቀስለት
መጀመሪያ የስማችሁን አጻጻፍ አንድ አድርጉ። ተስፋዬ አንዴ በዋይ፣ ሌላ ጊዜ በአይ ከተጻፈ ጥቅሶቹ ለሁለት ሰው ይከፈላሉ። ኦርሲድ የሚባለውን የተመራማሪዎች መለያ አውጡ፤ ነፃ ነው፣ ባለ 16 አሃዝ መለያ ይሰጣችኋል። የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይም ገጽ ክፈቱ። የሞክሼ ሥራ ከገባ አውጡት፤ የሰው ጥቅስ ምን ያደርግላችኋል?

ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂዱ። እኔ ማይክሮባዮሎጂ ክፍል ነኝ፤ የሽንት ካልቸር (ከሽንት ናሙና ባክቴሪያ የማሳደግ ምርመራ) መዝገባችን ራሱ ወርቅ ነው። የሥነ ምግባር ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ግን «ሬዚስታንት» (መድኃኒቱን የተላመደ) ብቻ ብላችሁ አትለፉ። በመድኃኒቱ ዲስክ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበትን ዞን ስፋት በሚሊሜትር መዝግቡ፣ ውጤቱን ለመተርጎም የየትኛውን ዓመት መመሪያ እንደተጠቀማችሁም ጻፉ። የመመሪያው መለኪያ ሲቀየር ሌላው ተመራማሪ ቁጥራችሁን እንደገና ይጠቀምበታል፤ ሲጠቀምም ይጠቅሳችኋል።

የጥቅስ መለኪያ የሆነው ኤች-ኢንዴክስ 5 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሏችሁ ማለት ነው። በየቀኑ እያያችሁ አትጨነቁ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው።