መጽሐፍ ይዞ እንጦጦን ለመሳለም የሚወጣ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ሽቅብ በእግሩ እየወጣ ማርያምን፣ ራጉኤልን፣ ኪዳነ ምሕረትን የሚሳለም ሰው ድሮም ነበር። አሁን የበዛው የታሪክና የባህል መመሪያ መጽሐፍ በብብቱ ይዞ የሚወጣው ነው። ወጣቶችን ይዤ በየጊዜው ስለምወጣ አያቸዋለሁ። ደስ ይሉኛል፣ እውነቴን ነው። ሰልፊ ብቻ አንስቶ ከሚወርደው የሚያነበው ይሻለኛል። ችግሩ መጽሐፉ የሚያውቀው ቦታውን ነው። ሕንፃውን፣ ሥዕሉን፣ ማን እንዳሠራው ይነግራችኋል። የተሳላሚ መንገድ ግን የሚሄደው በቀን መቁጠሪያ ነው። ከታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳያዩ ማንበብ

ከከተማው ታሪክ ጋር ሲያያዝ ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። አንድ ጊዜ እንጦጦ ማርያም ግቢ ውስጥ፣ ሙዚየሙ አጠገብ፣ ሁለት ልጆች ተጣሉብኝ። አንደኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ ይዟል። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በ1889 ነው ይላል መጽሐፉ። ልጁ ደግሞ ግቢ ውስጥ ምኒልክ በ1882 ዘውድ እንደጫኑ ሰምቷል። ሁለቱን አገናኘና «ስለዚህ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት የተባሉት ዮሐንስ በሕይወት እያሉ ነው፣ ያውም ሰባት ዓመት ቀድመው» ብሎ ደመደመ። ሌላኛው ልጅ ጦፈ። ነገሩ ወደ ፖለቲካ ሊሄድ ምንም አልቀረውም።

እውነታው እንዲህ ነው። ዐፄ ዮሐንስ የወደቁት መጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ እዚሁ እንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። በመሃላቸው ያለው ስምንት ወር አይሞላም። በፈረንጅ ግን ሁለቱም 1889 ናቸው። አንድ የፈረንጅ ዓመት በእኛ ሁለት ዓመት ላይ ስለሚያርፍ ማለት ነው።

ስለዚህ ቤት ሳላችሁ እርሳስ ያዙ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሆነ ነገር ከሆነ ከፈረንጁ ዓመት 7 ቀንሱ። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን በፈረንጅ 1896 የሚሆነው ለዚህ ነው፣ ልዩነቱ 8። መጽሐፉ ወሩን ካልጻፈ በኅዳጉ ላይ ሁለቱንም ዓመት አስፍሩ። ደግሞ «እ.ኤ.አ.» ሲል የኢትዮጵያ የሚመስላችሁ አላችሁ። የአውሮፓ ነው! ይህን በየጉዞው እደግመዋለሁ፣ ወደፊትም የምደግመው ይመስለኛል።

የበዓሉን ቀን ከመጽሐፉ መውሰድ

ይሄኛው ላይ ትዕግሥቴ ስላለቀ ረዘም አደርገዋለሁ።

መጽሐፉ «የማርያም በዓል በየወሩ በ21 ነው» ይላል። ልክ ነው። አንባቢው ስልኩን ከፍቶ በፈረንጅ 21 ይመጣል። በፈረንጅ መስከረም 21 በእኛ መስከረም 11 ነው። ወጣ፣ አለከለከ፣ ግቢው ጭር ብሎ አገኘው። «መጽሐፉ ተሳስቷል» ብሎ ይወርዳል። መጽሐፉ አልተሳሳተም ወንድሜ። የማርያም 21 የእኛ 21 ነው። ኪዳነ ምሕረት 16 ስትባል፣ ሚካኤል 12 ሲባል፣ ሁሉም እንዲሁ ነው።

የራጉኤል ደግሞ ይብሳል። የራጉኤል የዓመቱ ንግሥ መስከረም 1 ነው። በእንቁጣጣሽ እንጦጦ ራጉኤል የሚወጣውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል፣ መንገዱ ነጭ በነጭ ይሆናል። መጽሐፎቹ ይህን በፈረንጅ «ሴፕቴምበር 11» ብለው ይጽፉታል። በአብዛኛው ዓመት ልክ ነው። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ግን እንቁጣጣሽ በ12 ይውላል። በ2016 መግቢያ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ ከውጭ የመጣ አንድ ወንድማችን በመጽሐፉ ቀን በጠዋት ተነስቶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ራጉኤል ደረሰ። ቢጫ ጀሪካን የተሸከሙ አንዲት እናት ከጠበል ሲመለሱ አገኛቸው።

«እማማ፣ ንግሡ ዛሬ አይደለም እንዴ?»

«ዛሬማ ጳጉሜን 6 ነው ልጄ። ነገ ነው እንጂ ንግሡ። ነገ ና!»

ነገ መምጣት አይችልም። በረራው የዚያኑ ዕለት ማታ ነበር። ስንት ወር ያቀደው ጉዞ!

ምን ያናድደኛል መሰላችሁ? መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ። የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ በየቤቱ ተሰቅሏል። ስልክ ላይ የኢትዮጵያን ካላንደር ማውረድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያም ሁሉ በላይ፣ ጎረቤት ያሉ ማንኛዋንም እናት «ዛሬ የማን ቀን ነው?» ብትሏቸው ሳያስቡ ይነግሯችኋል። ውድ መጽሐፍ ገዝቶ፣ ጫማ ገዝቶ፣ ቀኑን ሳይጠይቅ የሚመጣ ሰው ለእኔ አይገባኝም።

ሌላም አለ። የንግሥ ቀን ሄዶ ሥዕል አያለሁ፣ ሙዚየም እገባለሁ ማለት አይሆንም። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ ነው፤ ታቦቱ ሲወጣ እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ዝማሬው ነው። መጽሐፍ ገልጦ ማንበቢያ ቦታም የለም። ሥዕል ለማየት ከሆነ ተራ ቀን ምረጡ። ለንግሥ ከሆነ መጽሐፉን ቤት ተዉት። ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው፤ በአንድ ቀን ሁለቱንም ለማድረግ የሚሞክር ሁለቱንም ያጣል።

ሰዓቱም እንደዚያው

መጽሐፉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጠዋት 8 ሰዓት ካለ በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ስልክ ላይ ግን ሁሉም ይረሳዋል። ቄሰ ገበዙ «በ3 ሰዓት ኑ፣ ቁልፉን ይዤ እጠብቃችኋለሁ» ካሉ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ መጥታችሁ «ዘጉብን» አትበሉ።

በጾም ወራት ደግሞ የቅዳሴው ሰዓት ይለወጣል። በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ የሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ገደማ ስለሚሄድ፣ «እኩለ ቀን ላይ ጸጥ ስለሚል ያን ጊዜ እጎበኛለሁ» የሚለው ስሌት አይሠራም። ያን ጊዜ ወይ አስቀድሱ፣ ወይ በጠዋት ወጥታችሁ ጨርሱ።

መጽሐፍ ይዞ አባቶችን መሞገት

ይህ በብዛት የሚያጋጥመኝ ዋሻ ሚካኤል ነው፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ኮረብታው ላይ ያለው ከዐለት የተፈለፈለው። ጣሪያው ፈርሶ ሰማይ የሚታይበት ነው፤ ክረምት ላይ ዐለቱ በአረንጓዴ ሽበት ይሸፈናልና በእርጥብ ጫማ ተጠንቀቁ። አባቶች የአብርሃና አጽብሃ ሥራ ነው ይሏችኋል፣ ማለት የ4ኛው ክፍለ ዘመን። የታሪክ ሊቃውንት ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የተሠራ ነው ይላሉ። አንባቢው ይህን ገጽ ከፍቶ ሽማግሌው ፊት ያቀርባል፣ እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ።

ለምን? አባ በዕድሜያቸው ሙሉ ይህን የሰሙት ከአባቶቻቸው ነው። እናንተ ትናንት ነው ያነበባችሁት። ሁለቱንም መዝግባችሁ መሄድ ትችላላችሁ። እሳቸው የሚያውቁትን ሌላ ነገር ብትጠይቁ ደግሞ የበለጠ ታተርፋላችሁ። ታቦቱ ለምን እንደወረደ፣ በዓሉ ሲመጣ ማን እንደሚወጣ፣ ዝናብ ሲበዛ ውኃው በየት እንደሚወርድ ጠይቁ። አንዱም መጽሐፍ ውስጥ የለም።

ባሕር ዛፉን የምኒልክ ዘመን ጫካ አድርጎ ማየት

ብዙ ሰው ዘውዱ ሲጫን በሐሳቡ የሚያየው በዚህ ባሕር ዛፍ መሃል ነው። አልነበረም። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣው ዘውዱ ከተጫነ በኋላ፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። የመጣበትም ምክንያት ዛፍ በመጥፋቱ ነው። የአገሩ ጥድ ለቤትና ለማገዶ ተቆርጦ አልቆ ነበር። እንጦጦ 3,000 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ነው፣ ብርዱና ነፋሱ አይቻልም። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃውን ወደው ወደ ታች ወረዱ፣ ከተማው ተከተላቸው፣ አዲስ አበባ ሆነ። እንግዲህ ቤተ መንግሥቱን ስታዩ ዛፎቹን በሐሳባችሁ አንሷቸው። ራቁት ኮረብታ፣ ነፋስ፣ ድንኳንና የሣር ክዳን ነው መታየት ያለበት።

ቀጭን መንገድ ላይ ቆሞ ማንበብ

ማገዶ ተሸክማ የምትወርድ ሴት ቁልቁለቱ ላይ መቆም አትችልም። ሸክሙ ይገፋታል። እናንተ ናችሁ ዳር መያዝ ያለባችሁ። መጽሐፉንም ዝጉት።

የሕንፃውን ንድፍ ተከትሎ መግባት

መጽሐፉ ላይ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ተብሎ ሦስቱም ክፍል ተሥሏል። ተሣለ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም። መቅደስ የካህናትና የዲያቆናት ነው፣ በቃ። በቅዳሴ ሰዓት መጽሐፍ ገልጦ ማንበብም ነውር ነው፤ ሰው ምን እንደምታነቡ አያውቅም፣ የሚያየው ጸሎት ላይ ፊታችሁን ማዞራችሁን ነው።

ሥዕሎቹን ለማየት ፈቃድ ስታገኙ ግን ጊዜ ስጧቸው። የሥዕል ገጹን ቤት አንብባችሁ ኑ። ጻድቃኑ በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩአችኋል። ክፉዎቹ ወደ ጎን ዞረው አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ይህን አንዴ ካወቃችሁ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም። ከእኔ ጋር የሚወጡ ልጆች ከሁሉም በላይ የሚወዱት ይህን ጨዋታ ነው፤ ይሁዳን ማን ቀድሞ ያገኘዋል ብለው ይወራረዳሉ። ቀስ በሉ እላቸዋለሁ፣ ግን እኔም ፈገግ እላለሁ።

በአሮጌ ካርታ መመራት

የእንጦጦ ፓርክ የተከፈተው በ2013 መጀመሪያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ አጥሩን፣ በሩን፣ አዲሱን መንገድ አያውቅም። በጫካው መሃል «አቋራጭ» ብሎ ያሳያችሁን ተዉት። ሰው የሚበዛበትን መንገድ ያዙ። ብቻችሁን አትሂዱ።

ቁርስ በልቶ ጠበል

መጽሐፉ «ከመውጣታችሁ በፊት ጥሩ ቁርስ ብሉ» ይላል። ለተጓዥ ጥሩ ምክር ነው። ጠበል ለሚጠጣ ግን ባዶ ሆድ ነው። ጠበል ካሰባችሁ ቆሎውን በቦርሳ ያዙና በኋላ ብሉት። ሲያዞራችሁ ግን ጉብዝና አይሠራም፣ ቁጭ በሉ። ከፍታው ጤነኛውንም ያደክማል።

ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉ ያመሰገነውን ጥብስ ቤት አትፈልጉ። ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ሽሮ አለ፣ ተጋቢኖ አለ።

ካልሲ ሁለት ያዙ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ታወልቃላችሁ፤ በሐምሌ የደጁ ድንጋይ እርጥብ ነው፤ ያንን እርጥብ ካልሲ አድርጋችሁ መልሳችሁ ጫማ ውስጥ ከገባችሁ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ቁልቁለቱን የምታስታውሱት በተረከዛችሁ ነው። በ11 ሰዓት ታክሲ ውስጥ ሁኑ፣ ከዚያ ከዘገያችሁ ወረፋው ረጅም ነው።