ኤኤስፒ ዶት ኔት ላይ የብራውዘር ማንነት ስታነቡ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ኤኤስፒ ዶት ኔት (የማይክሮሶፍት የድረ ገጽ መሥሪያ) ላይ «ሪኩዌስት.ብራውዘር» ብላችሁ ስትጠሩ የሚመጣው መልስ ብራውዘሩ ራሱ የሰጠው አይደለም። ሲስተሙ የተላከለትን ዩዘር ኤጀንት (ብራውዘሩ ራሱን የሚያስተዋውቅበትን ጽሑፍ) ከብራውዘር መግለጫ ፋይሎቹ ጋር አመሳክሮ የደረሰበት ግምት ነው። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ግምቱን እንደ እርግጥ ከመያዝ ነው።

ከሁሉ የከፋው፣ ያልታወቀውን ብራውዘር «ምንም አይችልም» ብሎ መመደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 10 ሲወጣ የኤኤስፒ ዶት ኔት 4 ፋይሎች ባለ ሁለት አሃዝ ቨርዥን አልጠበቁም ነበርና ሊለዩት አልቻሉም። አዲሱ ብራውዘር ጃቫስክሪፕትም ኩኪም እንደማያውቅ ተቆጠረ። ገጹን ወደ ሰርቨሩ መልሶ የሚልከው «ዱፖስትባክ» የሚባለው ፋንክሽን ገጹ ላይ ስላልነበረ ሊንክ ሲጫኑ ምንም ነገር አይፈጠርም ነበር። ሎግኢኑ ላይ ደግሞ የበለጠ ያስፈራል፦ የኤኤስፒ ዶት ኔት የመግቢያ ሥርዓት የሆነው ፎርምስ ኦተንቲኬሽን ቅንብሩ ካልተነካ ኩኪ መጠቀም አለመጠቀሙን የሚወስነው ከዚሁ ግምት ተነስቶ ነው፤ ስለዚህ የመግቢያ መለያው ዩአርኤሉ ውስጥ ገባ። ያን ሊንክ ለሌላ ሰው የላከ ተጠቃሚ አካውንቱን አብሮ ላከ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት ማስተካከያ አውጥቷል። ቢሆንም ዌብ ኮንፊግ በሚባለው የአፕሊኬሽኑ የቅንብር ፋይል ውስጥ፣ ፎርምስ ኦተንቲኬሽን ሥር፣ «ኩኪለስ» የሚለውን «ዩዝኩኪስ» አድርጉት፤ የደህንነት ጉዳይ ለግምት አይተውም።

ሁለተኛው፣ አንድ ቃል አይቶ መፍረድ ነው። ክሮም ዩዘር ኤጀንቱ ውስጥ «ሳፋሪ» ይላል፤ የዛሬው ኤጅ ደግሞ ሁለቱንም ይጠራል። ስለዚህ መጀመሪያ ኤጅን፣ ቀጥሎ ክሮምን፣ በመጨረሻ ሳፋሪን ፈትሹ። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 «ኤምኤስአይኢ» የሚለውን ጨርሶ አውጥቶታል። ከ2019 ወዲህ የአይፓድ ሳፋሪም ራሱን ማክ ብሎ ያስተዋውቃል፤ «ታብሌት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከዚህ ለመመለስ ባትሞክሩ ይሻላል።

ሌላው፣ ሰርቨሩ ላይ ያሉትን የኤኤስፒ ዶት ኔትን የራሱን የብራውዘር መግለጫ ፋይሎች በቀጥታ መነካካት ነው። ለውጡ እዚያ ሰርቨር ላይ ያሉትን አፕሊኬሽኖች ሁሉ ይነካል፤ ሥራ ላይ እንዲውልም «ኤኤስፒኔት_ሬግብራውዘርስ» የሚባለው መሣሪያ መሮጥ አለበት። የራሳችሁን መግለጫ «አፕ_ብራውዘርስ» ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት፤ ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ይጓዛል፣ የቡድናችሁ አባላትም ያዩታል።

ዩዘር ኤጀንትን ማንም በሰከንድ መቀየር ስለሚችል ፈቃድ መስጫ ወይም መከልከያ አታድርጉት። ገጹ አንድ ነገር መቻሉን ማወቅ ከፈለጋችሁ እዚያው ብራውዘሩ ላይ በጃቫስክሪፕት ፈትሹ፤ የ«ሪኩዌስት.ብራውዘር»ን መልስ ለሎግና ለስታቲስቲክስ አውሉት።