በቤት ውስጥ የኮራል ገንዳ ሲያቆሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዓሣና ኮራል (ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) የሚኖሩበት የጨዋማ ውሃ ገንዳ በቤት ውስጥ የማቆም ፍላጎት አብዛኛውን ጊዜ የሚጸነሰው በአንድ ሱቅ ውስጥ፣ በሰማያዊ መብራት ሥር ከሚወዛወዙ፣ አኔሞን ከተባሉ አበባ መሳይ የባሕር እንስሳትና በመካከላቸው ከሚሹለከለኩ ብርቱካንማ ክላውንፊሾች ፊት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገንዳው፣ ጨዉ፣ ድንጋዩና ዓሣው በአንድ መኪና ተጭነው ቤት ይገባሉ። በሦስተኛው ሳምንት ዓሦቹ ያልቃሉ፤ ባለቤቱም የባሕር ዓሣ ለቤት አይሆንም ብሎ ይደመድማል። እኔም በዋሽንግተን አካባቢ በአፓርታማ ውስጥ የመጀመሪያውን ገንዳዬን ባቆምኩበት ዓመት ከዚህ የተለየ ታሪክ አልነበረኝም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ከዚህ በታች ከሚዘረዘሩት ስህተቶች አብዛኞቹን አፍስሼ የለቀምኳቸው ናቸው።

ገንዳው ሳይደርስ ዓሣ ማስገባት

ዓሣ ከሚያስወጣው ቆሻሻና ከሚተርፈው ምግብ አሞኒያ ይፈጠራል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ የባሕር ውሃ ፒኤች 8.2 ገደማ በመሆኑ ደግሞ ጨው ከሌለው ከአብዛኛው ውሃ ይልቅ በዚህ ውሃ ውስጥ መርዛማነቱ ይበረታል። በደረሰ ገንዳ ውስጥ በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሉም፤ በቂ ሆነው እስኪራቡም በአብዛኛው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ።

ነገሩን ሊጥ ያቦካ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ከቆየና ከጤናማ ገንዳ የተወሰደ አንድ ቁራጭ ድንጋይ እንደ እርሾ ያገለግላል፤ ጊዜውን ያሳጥራል እንጂ ጨርሶ አያስቀርም። በእነዚያ ሳምንታት ገንዳው ያለ ዓሣ ይቆያል፤ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት አሞኒያም በጠብታ ይሰጣቸዋል። በአንድ ሊትር ወደ 2 ሚሊግራም የሚደርስ አሞኒያ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ወደ ዜሮ ከወረዱ ገንዳው ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን የሚገባው አንድ ወይም ሁለት ዓሣ ብቻ ነው፤ ባክቴሪያው የሚበዛው በሚያገኘው ምግብ ልክ ስለሆነ ስድስት ዓሣ በአንድ ቀን የጨመረ ሰው ወደ መጀመሪያው ቀን ተመለሰ ማለት ነው። ኮራል ደግሞ፣ በተለይ ድንጋያማው ዓይነት፣ ከዚህም በላይ ለወራት ቢዘገይ ይመረጣል።

የቧንቧ ውሃ መጠቀም

ለሰው የተጣራ ውሃ ለኮራል የተጣራ ነው ብሎ ማሰብ ከሁሉ የሚዘወተር ስህተት ነው። የዋሽንግተን ከተማ የቧንቧ ውሃ ለምሳሌ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል የሚታከመው ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው በሚሰጡት ክሎራሚን ሲሆን፣ በጸደይ ወራት ቱቦዎቹን ለማጽዳት ለተወሰኑ ሳምንታት ወደ ተራ ክሎሪን ይዛወራል። ተራ ክሎሪን በባልዲ ውስጥ ቢያድር ሊተን ይችላል፤ ክሎራሚን ግን በማሳደር አይጠፋም። በዚህ ላይ ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ የአሮጌ ቱቦዎች እርሳስ እንዳይሟሟ ለመከላከል ፎስፌት ይጨመርበታል። ለጠጪው ጤና የሚበጀው ይህ ፎስፌት በገንዳ ውስጥ የአልጌ ማዳበሪያ ይሆናል። የአልጌ ሣር ድንጋዩን የወረሰበት ሰው መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጡ በፊት ውሃውን ከየት እንደሚቀዳ ራሱን ይጠይቅ።

መፍትሔው ውሃውን በከሰል፣ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ሽፋንና መጨረሻ ላይ የሟሙ ጨዎችን በሚለቅም ሙጫ የሚያጣራ መሣሪያ ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር ሁሉ የሚለካ ርካሽ መለኪያ ከማጣሪያው ከሚወጣው ውሃ 0 ማንበብ አለበት፤ ቁጥሩ መውጣት ሲጀምር ሙጫው አርጅቷል። ጨዉም የሚበጠበጠው በሌላ ዕቃ ውስጥ ነው፤ እንስሳት ባሉበት ገንዳ ላይ ጨው መነስነስ ያቃጥላቸዋል። ጨዉ በውሃው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ ውሃው በጨዉ ላይ አይፈስም፤ ያለዚያ ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ከሥር ይቀራል።

የተነነውን ውሃ በጨዋማ ውሃ መተካት

ይህኛው የራሴ ኃጢአት ነው። ውሃ ሲተን ጨዉ አይተንም፤ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የጎደለው የሚሞላው በተጣራ፣ ጨው በሌለው ውሃ ነው። እኔ ግን የባሕር ገንዳ ነው ብዬ የምጨምረውን ሁሉ በጨው እበጠብጥ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 200 ሊትር ውሃ ያለው ገንዳ በቀን 3 ሊትር ቢተንና በእያንዳንዱ ሊትር 35 ግራም ጨው ባለበት ውሃ ቢሞላ፣ በዓሥር ቀን ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ትርፍ ጨው ይገባል፤ ጨዋማነቱም ከ35 ወደ 40 ይወጣል። 40 የሰሜናዊው ቀይ ባሕር ጨዋማነት ነው፤ በዚያ የተወለደ ፍጥረት በምቾት ይኖርበታል። ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች የመጣ ኮራል ግን በዓሥር ቀን እንዲለምደው ሊጠየቅ አይገባም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ማለት እንዲህ ነው፤ ከቀን ወደ ቀን ምንም የተለወጠ ነገር አይታይም።

መጠነኛ ዋጋ ያለው ራሱን የሚሞላ መሣሪያ ይህን ጣጣ ያስወግዳል። የጨዋማነት መለኪያውም ቢሆን በጭፍን አይታመንም። ሪፍራክቶሜትር የሚባለው መሣሪያ በተጣራ ውሃ ብቻ ዜሮ ላይ ቢስተካከልም በ35 ላይ ሊሳሳት ስለሚችል፣ ጨዋማነቱ 35 እንደሆነ በታወቀ መመዘኛ ፈሳሽ መስተካከል አለበት።

ዜሮን ማሳደድ

ጀማሪው አልጌን ከመፍራቱ የተነሣ ናይትሬትንና ፎስፌትን ወደ ዜሮ ለማውረድ ይታገላል፤ የማጣሪያ ዱቄት ይጨምራል፣ ዓሦቹን ያስርባል፣ አረፋ እያወጣ ቆሻሻ የሚለየውን ስኪመር ከልክ በላይ ያሠራል። ይሁንና በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩትና በብርሃን ምግብ የሚያበስሉለት ጥቃቅን አልጌዎች ራሳቸው እነዚህን ንጥረ ነገሮች ይፈልጋሉ። ሁለቱም ሲጠፉ ኮራሉ ይገረጣል፤ ባዶ የቀረውንም መሬት ዳይኖፍላጀሌት የተባሉ፣ ቡናማ ንፍጥ የሚመስሉና የአየር አረፋ የሚቋጥሩ ፍጥረታት ይወርሱታል። ከአልጌ ሣር ይልቅ እነርሱን ማስለቀቅ እጅግ ያዳግታል። በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም ናይትሬትና ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ፎስፌት ያለበት ውሃ የቆሸሸ ሳይሆን የሚያበላ ውሃ ነው።

ቁጥሩን በአንድ ሌሊት ማረም

ድንጋያማ ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየምና ከካርቦኔት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም በየቀኑ ይቀንሳሉ። የካርቦኔቱን መጠን የሚያሳየው አልካሊኒቲ በተለምዶ ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ ከ8 እስከ 9 ቢሆን፣ በሊትር ወደ 420 ሚሊግራም የሚጠጋ ካልሲየምና 1,300 ሚሊግራም ገደማ ማግኒዥየም ቢኖር ለአብዛኛው ገንዳ ይበቃል። ስህተቱ የሚፈጠረው ባለቤቱ አንድ ቀን አልካሊኒቲውን ለክቶ 6.5 ሲያገኝ በድንጋጤ በዚያው ምሽት ወደ 9 ሲያወጣው ነው። ኮራሉ 6.5ን ይችለው ነበር፤ ዝላዩን ግን አይችለውም። ሥጋው ከጫፍ ጀምሮ እየተገፈፈ ነጭ አጥንት ይቀራል። ጭማሪው በቀን ከ1 መብለጥ የለበትም፤ ልኬቱም በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይደረግ። የካልሲየሙንና የካርቦኔቱን ማሟያዎች በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ማፍሰስም ዱቄት ሆነው እንዲዘቅጡ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም። በእኔ ግምት ከውሃ መጥፎነት ይልቅ በውሃ መለዋወጥ የሞቱት ኮራሎች ይበዛሉ።

መብራትም እንደዚሁ ነው። አዲስ መብራት በሙሉ ኃይሉ በመጀመሪያው ቀን ሲበራ ኮራሉ አልጌዎቹን አስወጥቶ ይነጣል፤ ከግማሽ በታች ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ከፍ ይበል።

በመልክ ብቻ ዓሣ መምረጥ

ማንዳሪን የተባለው፣ በሰማያዊና በብርቱካንማ መስመር የተዋበው ትንሽ ዓሣ ቀኑን ሙሉ ከድንጋይ ላይ በዓይን የማይለዩ ነፍሳትን ሲለቅም የሚውል ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህ ነፍሳት ስለሌሉ፣ ሌላ ምግብ ቢቀርብለትም አብዛኛውን ጊዜ ሳይቀምሰው በረሃብ ይሞታል። ቢጫው ታንግ ደግሞ ሲገዛ የእጅ መዳፍ ባያክልም አድጎ 20 ሴንቲሜትር ሊደርስ የሚችል፣ ሲዋኝ የሚውል ዓሣ ነው፤ በጠባብ ገንዳ ውስጥ ተበሳጭቶ ሌላውን ያሳድዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሃዋይ የሚገኘው የኦሺያኒክ ተቋም ይህን ዓሣ በሰው እጅ ማርባት ከቻለ ወዲህ ከባሕር ያልተጠመደ ማግኘት ተችሏል፤ ክላውንፊሽማ ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ መራባት ጀምሯል። በሰው እጅ የተወለደው ዓሣ የሚሸጥ ምግብ መብላት ለምዶ ስለሚመጣ ለጀማሪ የተሻለ ነው።

ያለ ማቆያ መቀላቀልና መዳብ መጨመር

ሁለቱ ስህተቶች ተከታትለው ስለሚመጡ አብሬ አነሳቸዋለሁ። አዲስ ዓሣ በቀጥታ ይገባል፤ ከቀናት በኋላ በቆዳው ላይ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስሉ ነጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ክሪፕቶካርዮን የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ባለቤቱ መዳብ ያለበት መድኃኒት ገዝቶ በገንዳው ላይ ያፈሳል፤ መዳቡ ተሕዋሱን ቢገድልም ኮራሉን፣ ሽሪምፑንና ቀንድ አውጣውን አይምርም፤ በድንጋዩም ተይዞ ይቆያል። የሚገባው መንገድ 40 ሊትር የምትሆን ባዶ ማቆያ ገንዳ ማዘጋጀትና አዲሱን ዓሣ ለአንድ ወር ያህል በዚያ መከታተል፣ ካስፈለገም በዚያ ማከም ነው። በሽታው ዋናው ገንዳ ውስጥ ከገባ ዓሦቹ ሁሉ ይወጣሉ፤ ዓሣ ያጣው ተሕዋስም እስኪያልቅ ገንዳው ለ76 ቀናት ያህል ያለ ዓሣ እንዲቆይ በብዙዎች ይመከራል።

ድንጋይ መቀቀል

ስለ ገንዘብ ሳይሆን ስለ ሰው ሕይወት የምጽፈው ይህን ክፍል ነው። አዝራር የሚመስሉት ዞአንቲድ የተባሉ ኮራሎች፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባለው ወገን፣ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ አደገኛ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። የማይፈለግ ኮራል ወይም አልጌ የወረሰውን ድንጋይ ለማጽዳት በፈላ ውሃ መቀቀል፣ በእንፋሎት መምታት ወይም በደረቅ ብሩሽ መፈግፈግ መርዙን ወደ አየር ሊበትነው ይችላል። በአላስካ ከእ.ኤ.አ. 2012 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በእንዲህ ዓይነት ኮራሎች ምክንያት በትንፋሽ ሳይመረዙ እንዳልቀሩ የተጠረጠሩ ሰዎች ጉዳይ በጤና ባለሥልጣናት ተመርምሮ ታትሟል፤ በአንዳንዶቹ ቤቶች ገንዳውን ያልነኩት የቤተሰቡ አባላት ጭምር ታመዋል። እነዚህን ኮራሎች የሚቆርጥ ሰው ጓንትና የዓይን መከላከያ ያድርግ፣ እጁ ላይ ቁስል ካለ አይንካቸው፣ ሥራውንም ከወጥ ቤት ያርቅ። ከነካኩ በኋላ አፍን ብረት ብረት ማለት፣ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድና ስለ ኮራሉ መናገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ በራሱ አይገምተውም።

መብራት እንደማይጠፋ ማሰብ

300 ሊትር ገንዳ ከድንጋዩና ከመስተዋቱ ጋር ከ400 ኪሎ ስለሚበልጥ ወለሉንና መደርደሪያውን አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባ ብዙ ሰው ያውቃል። የሚዘነጋው ኃይል ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። ፓምፑ ሲቆም በመመለሻው ቱቦ ውስጥ ያለው ውሃ ከዋናው ገንዳ ሥር ወደሚቀመጠው ማጣሪያ ገንዳ ይፈስሳል፤ በዚያ ቦታ ካልተተወለት ምንጣፉ ላይ ይሆናል። መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ ሆነ ብሎ ሶኬቱን ነቅሎ መፈተን ከጎረቤት ጋር ከመካሰስ ይሻላል። እንቅስቃሴ ሲቆም ውሃው ኦክስጅን የሚያገኝበት መንገድም ስለሚጠብ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይዘጋጅ። አዲስ አበባ ላይ ለመሞከር የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ እንደሚያንስ ይወቅ፤ ዓሣውን ይቀንስ፣ የውሃውን ገጽ ይበልጥ ያናውጥ።

የምግቡን ቆርቆሮ ለጠባቂ ትቶ መሄድ

ለገና ወይም ለፋሲካ አገር ቤት ሄዶ ሦስት ሳምንት የሚቆይ ሰው ገንዳውን ለዘመድ ወይም ለጎረቤት አደራ ይሰጣል። ጠባቂው ደግ ሰው ነው፤ ዓሦቹ ወደ መስተዋቱ በመጡ ቁጥር የተራቡ ይመስሉታልና እንደ እንግዳ ብሉልኝ እያለ ያጎርሳቸዋል። የተረፈው ምግብ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። ጤናማ አዋቂ ዓሣ አንድ ቀን ሳይበላ ቢውል አይጎዳም። ስለዚህ የየቀኑን ምግብ የመድኃኒት ክኒን በሚቀመጥበት፣ የቀናት ስም በተጻፈበት ሣጥን ውስጥ በቁንጥር ከፋፍዬ እተውና ዋናውን ቆርቆሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት እሄዳለሁ።